ባለቤቱ በሌለበት የሚጠበቅ ዕቃ

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ሽቅብ ይወጣል፤ የገብሱን ማሳና የኮሶውን ዛፍ በስተኋላው እየተወ፣ የአስታውን ቁጥቋጦ እየሰነጠቀ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተዘረጋው በሳነቴ አምባ ላይ ሲደርስ፣ ዛፍ የሚባል ፍጥረት ፈጽሞ ይጠፋና፣ አጭር ሣርና ብርማ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ በለበሰው ሜዳ ላይ እዚህም እዚያም ለየብቻው የቆመ ጅብራ ብቻ ይታያል። ከባሌ ተራሮች ሁሉ የሚልቀው ቱሉ ዲምቱ፣ ቁመቱ 4,377 ሜትር የሆነው፣ ከዚሁ መንገድ ብዙ ሳይርቅ ቆሟል። ብርድና ነፋስ በሠለጠኑበት በዚህ ደጋ ብዙ ሲጓዝ የቆየ መንገደኛ አምባው በድንገት ያልቅበታል፤ ከእግሩ በታች ገደሉ ይከፈታል፤ ከሀረና ደን የሚነሣው ጉም ፊቱን ይገርፈዋል፤ መንገዱም ረዥም ግራጫ ጢም ከቅርንጫፋቸው በተንጠለጠለባቸው በአስታ ዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ ወርዶ ወርዶ ከሪራ መንደር ያደርሰዋል።

የሪራ ቤቶች ከቀርከሃ የተሠሩ ናቸውና እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደንቀው እነርሱን ነው። እኔ ግን አብልጬ የማደንቀው በደኑ ውስጥ በረዣዥም ዛፎች ላይ የተሰቀለውን፣ የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ጋጉራ የሚለውን የንብ ቀፎ ነው። ባለቤቱ ቀፎውን ሠርቶና አጥኖ ከዛፉ ላይ ከሰቀለው በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከብቱን ያግዳል፣ እርሻውን ያርሳል፣ ገበያ ይውላል፤ ቀፎውም ማሩ በሌሊት በጢስ እስኪቆረጥ ድረስ ወራቱን ሁሉ ያለ ጠባቂ በዚያው ይቆያል። ቁልፍ የለውም፤ አጥርም የለውም፤ እረኛውም፣ ቀርከሃ ቆራጩም፣ የዱር ቡና ሊለቅም ወደ ታችኛው ደን የሚወርደውም በሥሩ ሲያልፍ ያየዋል። ደኑ ለማያውቀው ሰው ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ ለሚያውቀው ግን ይህኛው ዛፍ የእገሌ ነው፣ ያኛው ደግሞ የእገሌ ልጆች ነው፤ ወሰኑም በጎረቤት ኅሊና ተመዝግቦ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ባለቤቱ በሌለበት፣ ጠባቂ ሳይቆምለት፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንደ ተጋለጠ የሚኖር ንብረት እንደ ምን ያለ ሥርዓት ቢኖር ነው የሚጠበቀው? ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያስገደደኝ ከባሌ እጅግ በራቀ አገር የተወለደ፣ ዛሬ ግን በዓለም ሁሉ የተሠራጨ አንድ ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። ልደቱ በቀን ሊነገር የሚችል ነው። አሜሪካኖች ለጦር ሠራዊታቸው ብለው ወደ ሕዋ የላኳቸው፣ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ለሲቪሉ ሰው የሚሰጡት ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለ ነበር፣ መሣሪያ የያዘ መንገደኛ የቆመበትን ቦታ እስከ 100 ሜትር በሚደርስ ስሕተት ካልሆነ በቀር ማወቅ አይችልም ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ይህ ማዛባት በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ቀረና ስሕተቱ በአንድ ሌሊት ወደ 20 ሜትርና ከዚያም በታች ወረደ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ በኦሪጎን ግዛት ቢቨርክሪክ በተባለ ስፍራ፣ በጫካ ውስጥ፣ መጻሕፍትና ወንጭፍ የታሸገ ባቄላም ጭምር ያለበትን ባልዲ አስቀመጠ፤ አብሮም መዝገብና እርሳስ አኖረ። የቦታውንም ኬክሮስና ኬንትሮስ በኢንተርኔት ለሚያውቁት ሁሉ ገለጠ። ሕጉ አጭር ነበር፤ ያገኘ ሰው ስሙን ይጻፍ፣ ከዕቃው አንዱን ይውሰድ፣ በፈንታው ሌላ ያኑር። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ፈላጊዎች ደረሱበት። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው) ጄረሚ አይሪሽ የተባለ ሰው የሣጥኖቹን ዝርዝር በአንድ ስፍራ ማሰባሰብ ጀመረ፤ ዛሬ በዓለም የተሰወሩት ሣጥኖች ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ያ የባቄላ ቆርቆሮ ግን ወራሽ አላገኘም፤ ምግብ በሣጥን ውስጥ ማኖር ዛሬ ክልክል ነው፤ ምክንያቱንም ወደ ሳነቴ ስንመለስ እናየዋለን።

ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ቁጥር የያዘ ሁሉ በቀጥታ ሣጥኑ ላይ የሚደርስ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። መሣሪያው ስፍራውን ለመወሰን ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት መቀበል አለበት። በሳነቴ ሜዳ ላይ ሰማዩ የተገለጠ ስለሆነ ቁጥሩ ከጥቂት ሜትሮች በላይ አይስትም፤ በሀረና ውስጥ ግን ቅጠሉ በቅጠል ላይ ተደራርቦ ፀሐይን በሚጋርድበት፣ በእርጥብ ግንድና በገደል ግድግዳ ላይ ምልክቱ እየነጠረ በሚመጣበት ቦታ፣ መሣሪያው ፈላጊውን አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እያለ ያዋልለዋል። ሣጥኑን የሰወረውም ሰው ቁጥሩን የወሰደው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነውና፣ የሁለቱ ስሕተት ሲደመር ፍለጋው ከአንድ ዛፍ ወደ ሠላሳ ዛፍ ይሰፋል። ከዚህ የተነሣ የተመሰገነ ሰዋሪ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ አይሄድም፤ በተለያየ ሰዓት ደጋግሞ ይለካል፤ አማካዩን ይወስዳል። ይህን ድካም ያልወደደ ሰው ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጡትን ሁሉ ያደክማል፤ የፈላጊዎች የመጀመሪያው ምሬትም ይኸው ነው።

ሌሎቹ ምሬቶች ሁሉ ከሰው ጠባይ የሚመነጩ ናቸው። አንዱ ክዳኑን በቅጡ ሳይገጥም ይሄዳል፤ ዝናቡ ይገባል፤ መዝገቡ ይበሰብሳል፤ ስማቸውን በጥንቃቄ የጻፉ ሰዎች ሁሉ ጽሕፈታቸው ወደ ሰማያዊ ውኃ ይለወጣል። ጉም ቀንና ሌሊት በሚመላለስበትና ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ወር በሚይዝበት በሀረና ይህ ቸልተኝነት ሳምንት እንኳ የሚታገሡት አይሆንም። ሌላው ደግሞ ሣጥኑን ካገኘ በኋላ «ከዚህ ይልቅ እዚያ ቢሆን ይሻላል» ብሎ በገዛ ፈቃዱ ያዛውረዋል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ትክክለኛውን ቁጥር ይዞ ባዶ ስፍራ ሲያስስ ይመሻል። አንዱ በመልካም የተሠራ አሻንጉሊት ወስዶ በፈንታው የተቀደደ የአውቶቡስ ቲኬት ይተዋል፤ ሕጉ ያኖርኸው ከወሰድኸው እንዳያንስ ይላል፣ እርሱ ግን ማንም አላየኝም ብሎ ያስባል። ከሣጥን ወደ ሣጥን፣ ከአገር ወደ አገር እንዲጓዙ ቁጥር ተቀርጾባቸው የሚላኩ ትንንሽ ዕቃዎች አሉ፤ ባለቤታቸው የደረሱበትን እየተከታተለ የሚደሰትባቸው ናቸው፤ እነዚህንም ወደ ኪሱ ከትቶ የሚያስቀር አይጠፋም። ሣጥኑ ያለበትን ምሥጢር ለሚመጡት ሰዎች አስቀድሞ የሚያወጣም አለ፤ ይህ ሰው የማያስፈልግ ቸርነት አድርጎ የሌላውን ተድላ ይነጥቃል።

ከእነዚህ ሁሉ ከፍቶ የማየው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው ሰዓታት ፈልጎ ሣጥኑን ያጣዋል፤ ድካሙን በባዶ እጅ መመለስ ያስጠላዋል፤ ስለዚህ ከቦርሳው ትንሽ ቆርቆሮ ያወጣና፣ በውስጡ ወረቀት ጨምሮ፣ ከአንድ ግንድ ሥር ሸጉጦ፣ በዚያው ወረቀት ላይ የራሱን ስም ጽፎ፣ «አገኘሁት» ብሎ ያስታውቃል። እውነተኛው ሣጥን ግን ከዚያ ጥቂት ሜትር ርቆ በደኅና ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ግማሾቹ አንዱን፣ ግማሾቹ ሌላውን ያገኛሉ፤ ባለቤቱ ስለ የትኛው እንደሚነገረው ይጠፋዋል፤ ፈላጊዎቹም ተጣልተው ይቀራሉ። ቤቱ ተቀምጦ ያልሄደበትን ቦታ «ሄጄ አገኘሁ» ብሎ የሚመዘግብ ሰው በቃሉ ብቻ ይዋሻል፤ ይህኛው ግን ሐሰቱን ምድር ላይ ያቆመዋልና በደሉ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ መሰናክል ሆኖ ይኖራል። በንብ አርቢዎች ዘንድ ይህን የሚመስል ነገር ቢገኝ፣ የራሱን ቀፎ በሌላው ዛፍ ላይ ሰቅሎ «ይህ የእኔ ዛፍ ነው» ማለት በሆነ ነበር፤ የትኛውም የሽማግሌ ጉባኤ ያን ቀላል ጥፋት አድርጎ አያልፈውም።

የሰዋሪዎቹም ጥፋት የፈላጊዎቹን ያህል ነው፤ ለባሌም ይበልጥ የሚያሰጋት ይህ ነው። ሰዎች ለመዝናናት ወደ ሩቅ አገር ይሄዳሉ፤ በአንድ ውብ ስፍራ ይማረካሉ፤ ለመታሰቢያ ሣጥን ሰውረው፣ ቁጥሩን አስመዝግበው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ሣጥኑ ይሰነጠቃል፣ ይሰረቃል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፤ ባለቤቱ ግን ባሕር ማዶ ነው። የጨዋታው አስተዳዳሪዎች ከብዙ ምሬት በኋላ፣ ተመላልሶ ሊጠብቀው የማይችል ሰው ሣጥን እንዳይሰውር ደንግገዋል፤ ሁለት ሣጥኖች በመካከላቸው ቢያንስ 161 ሜትር እንዲራራቁ፣ ያለ ባለ ርስቱ ፈቃድ እንዳይቀመጡ፣ መሬትም ተቆፍሮ እንዳይቀበሩ እንዲሁ። ይህ ሕግ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ሊሆንበት አይገባም። የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ንዋየ ቅዱሳት ከጥፋት ዘመን ለማዳን ስለ ተሰወሩባቸው ዋሻዎችና ደሴቶች ብዙ ይናገራል፤ ከእነዚህም የዝዋይ ደሴቶች ይበልጥ የታወቁ ናቸው፤ ትውፊቱ እንደሚለው ከሰሜን የሸሹት ካህናት መጻሕፍቱንና ንዋያቱን ይዘው ወደ ደብረ ጽዮን ደሴት ገቡ። ነገር ግን ሰውረው አልሄዱም፤ አብረው ተቀመጡ፤ ደሴቲቱ ላይ ዘር ተክተው፣ ዐቃቤ ሆነው ኖሩ። የሚሰውር ሰው ሁሉ ዐቃቤ ሆኖ መቅረት እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

እንግሊዛውያንም የራሳቸው ምሳሌ አላቸው። ይህ ጨዋታ ከመፈጠሩ ከመቶ አርባ ስድስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1854፣ ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ ዳርትሙር በተባለው ረግረጋማ ደጋ፣ ክራንሚር ኩሬ አጠገብ፣ እስከዚያ ድረስ በእግራቸው የደረሱ እንግዶች የስም ካርዳቸውን የሚጥሉበት ጠርሙስ አኖረ። ከዚያ ጠርሙስ የተነሣ ልማድ እስከ ዛሬ ይኖራል። በእኔ አስተያየት የጠርሙሱ ዕድሜ የረዘመው ያኖረው ሰው መንገድ መሪ ስለ ነበር ነው፤ እንግዳ ይዞ በመጣ ቁጥር ያየዋል፣ ሲጎድል ይሞላዋል፣ ሲሰበር ይተካዋል፤ ደጋውም ርስቱ፣ እንጀራውም የሚበላበት ነው። ይህን ሰው በልቡናችን ይዘን ወደ ሪራ እንመለስ።

ፈላጊዎች እርስ በርሳቸው የሚያከብሩት አንድ ደንብ አለ፤ ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ሲያልፍ ፍለጋውን አቁሞ፣ ጫማውን የሚያስር ወይም ወፍ የሚመለከት መስሎ፣ ሰውየው እስኪያልፍ መጠበቅ። ምክንያቱ ሣጥኑ በማያውቁት ሰዎች እጅ እንዳይጠፋ ነው፤ በለንደን ወይም በኒውዮርክ መናፈሻ ይህ ሊያስኬድ ይችላል። እዚያም ቢሆን ሁልጊዜ አያስኬድም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ አገር ዌዘርቢ በተባለች ከተማ አንድ ሰው ከካፌ አጠገብ ዕቃ ሸጉጦ ሲሄድ ያዩ ሰዎች ተጠራጥረው ለፖሊስ ነገሩ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ የጦር ሠራዊት የፈንጂ ባለሙያዎች መጥተው ያን የጨዋታ ሣጥን አፈነዱት። በሪራ ግን ይህ ደንብ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው፤ በዚያ ደን ውስጥ ዝም ብሎ አላፊ የሚባል ሰው የለምና። በዛፉ መካከል የሚመጣው ሰው ወይ ከብቱን የሚፈልግ፣ ወይ ቀርከሃውን የሚቆርጥ፣ ወይ ቀፎውን የሚጎበኝ ነው፤ ፊቱን ከእርሱ የሚያዞር እንግዳ፣ በእጁ መሣሪያ ይዞ የዛፍ ሥር የሚጎረጉር እንግዳ፣ ምን መስሎ እንደሚታየው ማሰብ ያስፈልጋል። ጣሊያን ሲሸሽ ቀብሮት የሄደ ወርቅ አለ የሚለው ወሬ በአገራችን ያልደረሰበት አውራጃ የለም፤ ካርታና መሣሪያ ይዞ የሚዞር ሰው ሁሉ ከዚህ ወሬ ጋር መያያዙ አይቀርም። ከወርቁም በፊት ደግሞ ቀፎው አለ።

እንዲህ ብለን እናስብ። አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ በስልኩ ቁጥር እየተመራ ወደ ደኑ ገብቶ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ጎንበስ ብሎ ቅጠል ሲገልጥ፣ ከኋላው በትር የያዙ ሽማግሌ ይደርሳሉ።

«ምን ጠፋብህ፣ ልጄ?»

«ምንም አልጠፋብኝም፣ አባባ። ሰው የሰወረውን ሣጥን እየፈለግሁ ነው።»

«ማነው የሰወረው?»

«አላውቀውም።»

«የማን ዛፍ ሥር?»

ወጣቱ ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ሣጥኑን የሰወረውም ሰው አልጠየቀምና። ኬክሮሱን አውቋል፣ ኬንትሮሱን አውቋል፣ ከፍታውንም በሜትር ሊናገር ይችላል፤ የዛፉን ባለቤት ግን አያውቅም። ሽማግሌው ደግሞ ቁጥር አያስፈልጋቸውም፤ ዛፉ የማን እንደ ሆነ፣ አባትየው ማን እንደ ነበር፣ ቀፎው መቼ እንደ ተሰቀለ ያውቃሉ። እንግዳው ወደ ደኑ ከመግባቱ በፊት በመንደሩ ቆሞ ሰላምታ ቢሰጥ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ቢጠይቅ፣ የመጣበትን ቢናገር ኖሮ፣ ይህ ጭውውት በደን ውስጥ በጥርጣሬ ከሚሆን በሻይ ቤት በፍቅር ይሆን ነበር። በባሌ ደጋ ሰላምታ አጭር አይደለም፤ ሰው ተጠይቆ እስኪያልቅ፣ ቤተሰቡ ተጠይቆ እስኪያልቅ፣ ከብቱ ተጠይቆ እስኪያልቅ ድረስ ጉዳይ አይነሣም። የሚቸኩል ሰው ይህን ጊዜ ማባከን ይለዋል፤ ነገር ግን ፈቃድ የሚባለው ነገር የሚሰጠው በዚሁ ሰላምታ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ቃል የተፈቀደውን ማጽናት ብቻ ነው።

እጁን በየጉድጓዱ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ያስብ። በሀረና ደን የምትኖር፣ የሳይንስ ስሟ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ2016 የሆነ የእፉኝት ወገን አለች፤ ከሌላ ቦታ አትታወቅም። የግንድ ቀዳዳና የድንጋይ ሥር የእርሷም ማረፊያ ሊሆን ይችላል።

ሪራ ባለችበት ደን ሣጥን ማኖር እንዲህ ከባድ ከሆነ፣ በሳነቴ አምባ ላይ ማኖር ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ በዚህ ነገር ማመንታት የለኝም። ሜዳው ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም፤ መሬቱ ሁሉ ቤት ነው። በዓለም ላይ ከባሌ በቀር በሌላ አገር የማትገኘው፣ ክብደቷ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋው ታላቋ ፍልፈል ከሣሩ ሥር መንገዷን ቆፍራ ትኖራለች፤ ራሷን ብቻ ከጉድጓዷ አውጥታ ዙሪያውን ያለውን ሣር ትበላና ትመለሳለች። ቀይ ቀበሮ በዚህች ፍልፈልና በትንንሾቹ የአይጥ ወገኖች ላይ ነፍሱን ያኖራል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ሁሉ ተቆጥሮ የቀረው 500 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከእኩሌታው የሚበልጠው የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። እንግዲህ ፈላጊዎች የሚሠሩትን እናስብ፤ ቁጥሩ እዚህ ነው ባለበት ዙሪያ ያለውን ድንጋይ ሁሉ ይገለብጣሉ፣ ያገኙትን ጉድጓድ ሁሉ በጣታቸው ይፈትሻሉ፣ መኪናቸውን ከመንገድ አውጥተው ወደ ቦታው ያስጠጋሉ፤ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣውም የጎማቸውን ፋና ይከተላል። በዚያ ከፍታ ሣር እንደ ቆላ ሣር ፈጥኖ አይበቅልም፤ አንድ ጊዜ የተደፈጠጠ መንገድ ለብዙ ዓመት መንገድ ሆኖ ይቀራል።

በሣጥን ውስጥ ምግብ ማኖር የተከለከለውም እንስሳ እንዳይስብ ነው። በሌላ አገር ድብ ወይም ጉንዳን ሣጥኑን ይቀደዋል ይባላል፤ እዚህ የሚያሳስበው ግን ውሻ ነው። የሰው ምግብ ሽታ ውሻን ይስባል፤ ውሻ ደግሞ ወደ ቀበሮው አገር የሚያመጣው ሞትን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ከባሌ ቀበሮዎች ብዙውን ክፍል ፈጅቷል፤ ከዚያም ወዲህ በሽታው ደጋግሞ ተመልሷል፤ ዛሬ ባለሙያዎች ውሾቹን፣ አስፈላጊ ሲሆንም ቀበሮዎቹን ራሳቸውን ይከትባሉ። አንድ መንገደኛ ለቀልድ የጣለው የሥጋ ቆርቆሮ ከዚህ ሁሉ ድካም ጋር ይጣላል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከተቋቋመ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መሥሪያ ቤቱ ዲንሾ ነው፤ መስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሪራም በዚሁ በተከለለው ምድር ውስጥ ትገኛለች፤ ስለዚህ ከመንደሩ ሰው ፈቃድ በላይ የፓርኩም ፈቃድ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አስተዳደር ይህን ጨዋታ የወለደ አገር መሥሪያ ቤት ሆኖ ሳለ፣ ያለ ፈቃድ የሚቀመጥ ሣጥንን ከጅምሩ ከልክሏል። ክልከላውን የተቀበሉ አስተዋዮች ደግሞ መልካም መውጫ አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ ጂኦሎጂ ማኅበር የረዳበት፣ ሣጥን የሌለበት የፍለጋ ዓይነት ተጀመረ። ፈላጊው በቁጥር ወደ ተመለከተው ስፍራ ይሄዳል፤ እዚያ የሚያገኘው ምድር ራሷን ነው፤ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ አፈሩ የቀረበለትን ጥያቄ በዓይኑ አይቶ ይመልሳል፤ ምንም አያኖርም፤ ምንም አይወስድም። ቀድሞ የዘረዘርናቸው ምሬቶች ሁሉ፣ የበሰበሰ መዝገብ፣ የተዛወረ ሣጥን፣ የተጭበረበረ ቆርቆሮ፣ በዚህ ዓይነቱ ፍለጋ ስፍራ አያገኙም።

ለዚህም ከሳነቴ የተሻለ ስፍራ ብዙ ያለ አይመስለኝም። አምባው በበረዶ ዘመን በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር፤ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ትልልቅ ጥቁር ድንጋዮች በሰው እጅ የተደረደሩ እስኪመስል ድረስ በረድፍ በረድፍ ተሰልፈው ይታያሉ፤ የደረደራቸው ግን እየቀዘቀዘና እየቀለጠ አፈሩን ለብዙ ሺህ ዓመት ሲገፋው የኖረ ውርጭ ነው። ወደ ምዕራብ በዌብ ሸለቆ በኩል ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፤ ከፍታው 3,469 ሜትር ነው፤ ጎትስ ኦሰንዶርፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ጥናታቸው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች በዚያ እንደ ኖሩ አስረድተዋል። እነዚያ ሰዎች ያችኑ ታላቅ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ጥቁር የባልጩት ድንጋይ ግን ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው፣ በግግር በረዶው አጠገብ ካለ ተረተር ያመጡ ነበር። በዚያ ብርድ፣ እንበለ ካርታና እንበለ መሣሪያ፣ የተሰወረውን ድንጋይ ያለበትን ያውቁ ነበር፤ መንገዱንም ለልጆቻቸው አስተምረዋል።

እንግዲህ ይህን ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች፣ በሮቤ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶችም ይሁኑ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጎብኚዎች፣ ወደ ባሌ ሣጥን ይዘው ባይመጡ እመርጣለሁ፤ ጥያቄ ይዘው ቢመጡ ግን ደስ ይለኛል። የጥያቄዎቹም ዐቃቤ ከሪራና ከዲንሾ የሚወጡት መንገድ መሪዎች ቢሆኑ የጄምስ ፔሮት ሥራ በእኛ ደጋ ሊሠራ ይችላል፤ ጥያቄው ተመላልሶ የሚጎበኘው አለው፣ እንግዳውም ከመንገድ እንዳይወጣ የሚጠብቀው አለው፣ የመንደሩም ሰው ከእንግዳው መምጣት የሚያገኘው ጥቅም አለው። ለመጀመሪያ ያህል እነዚህን አቀርባለሁ፤ በቱሉ ዲምቱ ግርጌ፣ ከመኪና መንገዱ ሳትወጣ፣ የድንጋዮቹ ረድፍ በተረተሩ ላይ አግድም ነው ወይስ ቁልቁል? በሳነቴ ዳርቻ፣ ገደሉ በሚጀምርበት፣ የመጨረሻው ጅብራና የመጀመሪያው የአስታ ዛፍ በመካከላቸው ስንት እርምጃ አላቸው? በሪራ፣ ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከቀርከሃ በተሠራው ግድግዳ ላይ ሽመናው የሚጀምረው ከታች ነው ወይስ ከላይ? የመጨረሻውን ጥያቄ ለመመለስ ቤቱን የሠራውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እርሱንም ለመጠየቅ አስቀድሞ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ መጠየቅ ያስፈልጋል።